በጅማ ግቢ ውስጥ አትክልት ለምትጀምሩ፦ አፈር ማዋሃድና መመገብ

ጅማ ላይ ደረቅ እንጨት ብትተክል ይበቅላል ይባላል። እውነትም ነገሩ ሁሉ ይመቻል። ዝናቡ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ብርዱም ሙቀቱም ከልክ አያልፍም። ታዲያ ከጓሮ ቀይ አፈር ዝቀን በጆንያ የተከልነው ቲማቲም ለምን ቁጭ ይላል? ቅጠሉስ ከታች በኩል ለምን ሐምራዊ ይመታል? ውሃ ስናጠጣውስ ላዩ ላይ ለምን ያቁራል?

ነገሩ ያለው አፈሩ ላይ ነው። የጅማ ቀይ አፈር፣ ባለሙያዎቹ ኒቶሶል የሚሉት፣ ጥልቅና ሸጋ አፈር ነው። ግን ይህ ሁሉ ዝናብ ለዘመናት እያጠበ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ወደ ታች ወስዶበታል። ስለዚህ አሲዳማ ሆኗል። ብረትና አልሙኒየም ስለሚበዛበት ደግሞ ፎስፈረስን ጨምድዶ ይይዛል። ፎስፈረሱ እዚያው አለ፣ ተክሉ ግን አያገኘውም። መሬት ላይ የተተከለ ተክል ሥሩን ዘርግቶ የተሻለ ቦታ ይፈልጋል። ጆንያ ውስጥ ያለው ግን የት ይሄዳል?

ደስ የሚለው፣ ይህን የሚያስተካክለው ነገር በሙሉ ጅማ ውስጥ ተርፎ የሚጣል ነው። የቡና ገለባ፣ እበት፣ አመድ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የጫት ገረባ። ከኪስ የሚወጣው ለትንሽ አሸዋና ለጆንያ ብቻ ነው። ቀሪው ጊዜ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሰስተውም ጊዜውን ነው። ዛሬ እበት ከአፈር ጋር ደባልቆ ነገ ችግኝ መትከል ያምረዋል። አይሆንም።

መቼ ይጀመራል?

ጥቅምትና ኅዳር ላይ የብስባሽ ክምሩን ሥሩ። የቡና ለቀማው ያኔ ነው፣ ዝናቡም እየቀነሰ ይሄዳል፣ ደረቅ ቅጠልም እንደ ልብ ይገኛል። ክምሩ የካቲት ላይ ይደርሳል። አፈሩን ያኔ ታዋህዳላችሁ፣ መጋቢት ላይ ዝናቡ ብቅ ብቅ ሲል ትተክላላችሁ። ይህን ያነበባችሁት ሰኔ ላይ ከሆነም ችግር የለውም፤ ክምሩን ከላይ በላስቲክ ሸፍናችሁ ሥሩት። የክረምቱ ዝናብ በቀጥታ ከወረደበት ምግቡን ሁሉ አጥቦ ቦይ ውስጥ ይከተዋል።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን አፈር እወቁ

አንድ ክዳን ያለው የብርጭቆ ማሰሮ ፈልጉ፤ የማርማላታ ዕቃ ይበቃል። እስከ ሲሶው ድረስ ደቃቅ አፈር ጨምሩ፣ በውሃ ሙሉት፣ ትንሽ የልብስ ሳሙና ዱቄት ጣል አድርጉና ደህና አድርጋችሁ በጥብጡት። ከዚያ ሳትነካኩት አስቀምጡት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከታች ይቀመጣል። ደለሉ በሰዓታት ውስጥ በላዩ ይተኛል። ሸክላው ግን እስከ ማግሥቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ውሃውን እንዳደፈረሰ ይቆያል። የጅማ አፈር ላይ ብዙውን ጊዜ ሰፊው ንጣፍ የሸክላው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጆንያ ውስጥ ውሃ የሚያቁረውና ሲደርቅ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አፈሩን ስትቆፍሩ ከላይ ካለው 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ውሰዱ። ጠቆር ያለውና ትል ያለበት እሱ ነው። ከሥሩ ያለው ደማቅ ቀይ አፈር ለጭቃ ቤት ይሆናል እንጂ ለጆንያ አይሆንም። ለመሠረት የተቆፈረ አፈርም በነፃ ተገኘ ተብሎ አይወሰድም፣ ያው የሥረኛው አፈር ነው። ከጋራዥና ከመኪና ማጠቢያ አጠገብ ያለውንም ተዉት።

ደረጃ 2፦ ብስባሹን ማዘጋጀት

ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ብስባሽ ሁለት ዓይነት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ደረቅ ነው፦ የቡና ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ጭድ፣ የበቆሎ አገዳ። ሁለተኛው እርጥብና ናይትሮጅን ያለው ነው፦ እበት፣ ለምለም ቅጠል፣ የጎመንና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ። ደረቁ በዝቶ እርጥቡ ካነሰ ክምሩ ወራት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። እርጥቡ ከበዛ ይሸታል፣ ጎረቤትም ይመጣባችኋል።

ለአንድ ክምር ይህን አዘጋጁ፦

– 6 ጆንያ ደረቅ ነገር፤ ግማሹ የቡና ገለባ ሊሆን ይችላል
– 2 ጆንያ እበት
– 2 ጆንያ የተከተከተ ለምለም ቅጠል
– 2 ወይም 3 አካፋ የጓሮ አፈር ወይም ያለቀለት አሮጌ ብስባሽ

ይህ ተከምሮ በርዝመት፣ በወርድም በቁመትም 1 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዚህ ካነሰ ሙቀት አይዝም።

የቡና ገለባ ጅማ ውስጥ የሚቸግር ነገር አይደለም። ጀንፈል የሚቀሽሩ ወፍጮዎች ጓሮ ተቆልሎ ይውላል፤ ለምኖ መውሰድ ይቻላል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ያመሰግናል። ገለባው በፖታሲየም የበለጸገ ነው፣ ለቲማቲምና ለቃሪያ ግሩም ነው። ሁለት ጠባይ ግን አለው። ካፌይንና ታኒን ስላለበት ሳይበሰብስ አፈር ውስጥ ከገባ ቡቃያ ያቀጭጫል። ሲደርቅ ደግሞ ውሃ አያስገባም። ስለዚህ ከመከመራችሁ በፊት አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት። ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣውን እርጥብ ልጣጭ ካገኛችሁ ግን ዝፍዘፋው ይቅር፤ ራሱ ውሃ ያንጠባጥባል። እሱን ከእርጥቡ ወገን ቁጠሩት፣ ደረቅ ቅጠልም ጨመር አድርጉበት።

የእንስሳቱ ነገር አንድ አይደለም። የከብት እበት ለዘብ ያለ ነው፤ ለጀማሪ የሚሻለው እሱ ነው። የበግና የፍየል በጠጥ ጠንከር ይላል። የዶሮ ኩስ ከሁሉም ይበረታል፤ ከእበቱ ግማሽ ያህል ብቻ ተጠቀሙ። የጋሪ ፈረስ ፋንድያ ከመንገድ ዳር ይገኛል፣ ክምር ለማሞቅ የሚተካከለው የለም፣ ግን የሣር ዘር ይዞ ይመጣል። የውሻና የድመት በፍጹም አይገባም።

ከለምለም ቅጠሉ የሰሳ፣ የብርብራና የሰስባንያ ቅጠል ናይትሮጅን ስላለው ይመረጣል። ግራዋና ብሳናም ቶሎ ይበሰብሳሉ። ባሕር ዛፍ ግን ይቅርባችሁ፤ ቅጠሉ ሌላ ተክል እንዳይበቅል የሚያደርግ ነገር አለው። የጫት ገረባ ጅማ ውስጥ በየበሩ ስለሚገኝ ጠያቂው ብዙ ነው። ይሆናል፣ ግን ጫት ላይ መድኃኒት የሚረጭ አለና በትንሹ ተጠቀሙ፣ እስኪያልቅለትም አበስብሱት። የእንጨቱን ክፍል ከትክቱት፤ ደንደን ያለው ምስጥ ይጠራል።

አሁን ክመሩ። መሬቱን በመኮትኮቻ ነካ ነካ አድርጋችሁ አላሉት፤ ትሉ ከሥር የሚገባው በዚያ ነው። ከታች ቀጫጭን እንጨት ረብርቡ፣ አየር ያስገባል። ከዚያ አንድ ስንዝር የማይሞላ ደረቅ፣ በላዩ አራት ጣት እርጥብ፣ በላዩ ስስ እበት፣ ትንሽ አፈር ነስነስ፣ ውሃ ረጨት። እንዲህ እያላችሁ እስከ ላይ ድረስ ቀጥሉ። ሲያልቅ በኮባ ወይም በሸራ ሸፍኑት።

እርጥበቱን በእጅ ነው የምታውቁት። ከመሃል አንድ ጭብጥ አውጡና ጥብቅ አድርጋችሁ ጨምቁት። በጣቶቻችሁ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ብቅ ካለ ልክ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሩ። ምንም ካልወጣና እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ውሃ አጠጡት።

ሙቀቱን ለማየት ቴርሞሜትር አያስፈልግም። አንድ ደረቅ ዱላ እስከ መሃሉ ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ ስትነቅሉት ጫፉ እጅ የሚፈጅና እርጥብ ከሆነ ክምሩ ሥራ ላይ ነው፤ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። የሣር ዘርንና የበሽታ ተሕዋስያንን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። ዱላው ደርቆ ከወጣ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞና ጨቅይቶ ከወጣ አየር አጥሮታል፣ አገላብጡት።

ማገላበጥ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ነው። የውጩ ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጭ። ጠዋት ብርድ ሳለ ብታገላብጡት እንፋሎቱ ፊታችሁን ይመታዋል፤ ያ ጥሩ ምልክት ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ውሃ በዝቷል። ዓይን የሚያቃጥል የሽንት ሽታ ካለው እበት ወይም ኩስ በዝቷል፣ ደረቅ ቅጠል ጨምሩበት።

ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሲደርስ ጠቆር ያለ፣ ፍርፍር የሚል፣ ቀዝቃዛና ዝናብ የነካው ጫካ የሚሸት ይሆናል። ገለባው ገለባ መሆኑ ከለየ ገና ነው።

ደረጃ 3፦ ማዋሃድ

መለኪያችን ባለ 10 ሊትር ባልዲ ነው። ሸራ ዘርጉና ይህን ቁለሉበት፦

– 4 ባልዲ የላይኛው ቀይ አፈር፣ ደቆ ከድንጋይ የጸዳ
– 3 ባልዲ የደረሰ ብስባሽ፣ በሰፊ ወንፊት የተነፋ
– 2 ባልዲ የበሰበሰ ቅጠል ወይም ፈጽሞ የበሰበሰ የቡና ገለባ
– 1 ባልዲ ሻካራ አሸዋ
– 4 ሲኒ የእንጨት አመድ
– 2 ሲኒ የተቃጠለና የተወቀጠ አጥንት፣ ከተገኘ

ይህ አራት ወይም አምስት መካከለኛ ጆንያ ይሞላል።

አመዱ አሲዱን ያለዝባል፣ ካልሲየምና ፖታሲየምም ይሰጣል። የምድጃ እንጨት አመድ ብቻ ይሁን። ፌስታል፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ ወይም ቆሻሻ የተቃጠለበት አመድ አይነካም። አራት ሲኒ አነሰ ብላችሁ ደግሞ አትጨምሩ። አመድ ሲበዛ አፈሩ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሄዳል፣ ተክሉም ብረት ያጣል። ለእርሻ የሚሸጠውን ኖራ የምታገኙ ከሆነ በአመዱ ፋንታ 2 ሲኒ በቂ ነው።

አጥንቱ ፎስፈረስ ነው። ከእርድ በኋላ የሚተርፈውን አጥንት እሳት ውስጥ ነጭ እስኪሆን አቃጥሉት፤ በሙቀጫ በቀላሉ ይደቃል። ቀስ ብሎ የሚለቅ ምግብ ነው። አፈራችን አሲዳማ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ አጥንቱን ያሟሟዋል።

የከሰል ድቃቂ ካላችሁ ከአሸዋው ግማሹን በእሱ መተካት ትችላላችሁ። ግን ቀድሞ ብስባሽ ክምር ውስጥ ይግባ ወይም ፍግ በተዘፈዘፈበት ውሃ ውስጥ ይንከር። ደረቁን ከገባ ምግቡን ከአፈሩ ለራሱ ይመጥጣል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቡና ገለባን በዚህ መልክ አክስሎ አፈር ላይ ለመጠቀም ምርምር ሲሠራ ቆይቷል። ቤት ውስጥ ግን ከምድጃ የተረፈው ከሰል ይበቃል።

አንዱን ከሌላው ሦስት ጊዜ በአካፋ አገላብጡ፤ ቁልሉን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ እያዛወራችሁ። መልኩ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ። ውሃ እየረጫችሁ ሥሩት፣ አቧራውም ይቀንሳል።

ደረጃ 4፦ ማሳረፍና መሞከር

የተዋሃደውን አፈር እርጥብ አድርጋችሁ፣ ሸፍናችሁ፣ ጥላ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አቆዩት። አመዱም ብስባሹም ከአፈሩ ጋር ይላመዳል፣ ያልጨረሰ ነገር ካለም ይጨርሳል።

ከዚያ ፈተና። በሁለት ቆርቆሮ ጣሳ ሞልታችሁ በአንዱ አሥር የጎመን ዘር፣ በሌላው አምስት ቦሎቄ ዝሩ። ጎመኑ በሳምንት ውስጥ አብዛኛው ካልበቀለ ወይም ጫፉ ከተቃጠለ ብስባሹ ገና ጥሬ ነው። ቦሎቄው ቅጠሉ ተጠማዝዞ፣ ተኮማትሮ ከወጣ ግን ጭዱ ወይም እበቱ የአረም መድኃኒት ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ለቲማቲምና ለቦሎቄ ዘመድ አይደለም። በሁለቱም ጊዜ መፍትሔው ያው ነው፤ አፈሩን ሌላ አንድ ወር አቆዩት፣ እንደገናም ሞክሩ። ይህን ፈተና የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ችግኙ ሲሞት ግን ዘር ሻጩን ነው የሚወቅሰው።

ደረጃ 5፦ መሙላትና መትከል

ያገለገለ ጆንያ ከጅማው መርካቶ ይገኛል። ለሰላጣ፣ ለቆስጣና ለጎመን 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ለቲማቲምና ለቃሪያ 35 ወይም 40 ይበቃል። ጆንያውን አፉን ወደ ውጭ ጠቅልሉት፣ ከታች ቀዳዱት፣ በድንጋይ ወይም በጡብ ላይ አስቀምጡት። ከሥሩ ጠጠር መደርደር ልማድ ሆኗል እንጂ ውሃ አያፋስስም፤ ቦታ ይፈጃል። አፈሩን ሞልታችሁ ውሃ አጠጡት፣ ሲወርድ ጨምሩበት። አንድ ጆንያ ላይ አንድ ቲማቲም። ሁለት መትከል ያምራል፣ አትትከሉ። ላዩን በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል ሁለት ጣት ያህል አልብሱት።

ደረጃ 6፦ መመገብ

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አራት ሳምንታት ምንም አትስጡ። ያዋሃዳችሁት አፈር ይበቃዋል። ብዙ ጀማሪ ተክሉን የሚያበላሸው አስርቦ ሳይሆን አብልቶ ነው።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ ሁለት ጭብጥ ብስባሽ ከግንዱ ዙሪያ አድርጉ። ግንዱን አይንካ። የላዩን ልብስ ገለጥ፣ ብስባሹን ነስነስ፣ መልሶ መሸፈን። ጎመንና ቆስጣ በዚህ ብቻ ወቅቱን ይጨርሳሉ።

ቲማቲምና ቃሪያ ሆዳም ናቸው። ለእነሱ የፍግ ውሃ አዘጋጁ። አንድ ሩብ ባልዲ የቆየ እበት በአሮጌ ጨርቅ ቋጥራችሁ 20 ሊትር ውሃ በያዘ በርሜል ወይም ባልዲ ውስጥ ንከሩት፣ ልል አድርጋችሁ ክደኑት። ለአንድ ሳምንት ወይም ለአሥር ቀን በየቀኑ አማስሉት። ሽታው ያው ነው፣ ከመስኮት አርቁት። ስትጠቀሙ ፈዘዝ ያለ ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥኑት። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ጆንያ አንድ ሊትር፣ እርጥብ አፈር ላይ። ደረቅ አፈር ላይ ከፈሰሰ ሥር ያቃጥላል። ከዶሮ ኩስ ከሠራችሁት በእጥፍ ይቅጠን። የከብት ሽንት የምታገኙም 1 ለ 10 በውሃ አቅጥናችሁ በተመሳሳይ መንገድ መስጠት ትችላላችሁ።

ቅጠላቸው ጥሬ የሚበላ እንደ ሰላጣ ያሉ ነገሮች ላይ ግን የፍግ ውሃ አይደፋም። ትኩስ እበት አፈሩ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሰላጣ ለመልቀም 4 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። ከአዌቱ ወንዝ ቀድቶ ሰላጣ ማጠጣትም አይመከርም፤ የከተማው ፍሳሽ ይገባበታል።

ቲማቲምና ቃሪያ አበባ ሲይዙ ለአንድ ጆንያ ግማሽ ሲኒ አመድ ነስንሱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። የፍግ ውሃና ሽንት ከሰጣችሁበት ሳምንት ጋር አይገጣጠም። አመድና ሽንት ሲገናኙ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። የሰጣችሁት ምግብ ለአፍንጫችሁ ይሆናል ማለት ነው።

የቡና አተላስ? በየቀኑ ከበረካ በኋላ የሚደፋ ስለሆነ ሰው ሁሉ ጆንያው ላይ መድፋት ይወዳል። በየጊዜው ከተደፋ ይጋገርና ውሃ ይከለክላል። ትንሽ በትንሽ ክምሩ ውስጥ ጨምሩት፣ እዚያ ይሻለዋል።

ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ምናልባት በየቀኑ ያስፈልግ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል።

ቅጠሉ ምን ይላል?

የታችኞቹ ቅጠሎች እኩል ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ የፍግ ውሃ ስጡት። ቅጠሉ ከታች በኩል ሐምራዊ ከሆነና ተክሉ ካላደገ ፎስፈረስ ነው፤ ብስባሽና አጥንት ጨምሩ። ብርዳማ ሰሞን ላይ ግን ፎስፈረስ ሳይጎድልም እንዲህ ያደርጋል፣ ጥቂት ጠብቁት። የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዝ ብቻ እንደ ተጠበሰ ከሆነ ፖታሲየም ነው። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀረ አመድ አብዝታችኋል፤ ብስባሽ ጨምሩ፣ አመዱን አቁሙ። የቲማቲሙ ቂጥ ጠቁሮ ከሰመጠ ካልሲየም ወደ ፍሬው አልደረሰም፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ቀን አጥግቦ ሦስት ቀን መርሳት ነው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቁመቱ እየሄደ አበባ ከሌለው ደግሞ ጠግቧል። ለወር ያህል ምንም አትስጡት።

አፈሩን በሁለተኛው ወቅት

አዝመራው ሲያልቅ አፈሩን አትድፉት። ግንዱን ከአፈሩ ገጽ ላይ ቁረጡ፤ በሽታ ካልነበረበት ሥሩ እዚያው ይበስብስ። ጆንያውን ሸራ ላይ ገልብጡት፣ ነጭና ወፍራም እጭ ካገኛችሁ ለዶሮ ስጡ፣ የመሬት ትሉን ግን መልሱ። ለየ4 ባልዲ አሮጌ አፈር 1 ባልዲ አዲስ ብስባሽና ግማሽ ሲኒ አመድ አዋህዱበት፣ ሁለት ሳምንት አሳርፉት።

ቲማቲም የነበረበት ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች አይመለስም፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታቸውም አንድ ነው። ቦሎቄ ወይም ባቄላ ዝሩበት፣ ሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይዘው ያስገባሉ። ቦሎቄው ሲነሳ ጎመን ይተካዋል። ጆንያው ራሱ ፀሐይ ላይ ከዓመት በላይ አይቆይም፤ ክሩ መርገፍ ከመጀመሩ በፊት ለውጡት፣ ያለዚያ የላስቲክ ክሩ አፈራችሁ ውስጥ ይቀራል።